ሰማይን የለኩ አራት የእስያ ከተሞች፦ ለአንድ ጉዞ የቱን ልምረጥ?

የጥንት ሥነ ፈለክ የሚወድ ሰው አንድ ጊዜ እስያን ልይ ብሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደናግረው ብዛቱ ነው። ኮሪያ ከ7ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈ የድንጋይ ማማ አላት። ቤጂንግ ዘንዶ የተጠመጠመባቸው የነሐስ መሣሪያዎች፣ የህንዷ ጃይፑር ባለ 27 ሜትር የጥላ ሰዓት፣ የኡዝቤኪስታኗ ሳማርካንድ ደግሞ ከዋክብት ሲቆጥር ኖሮ በልጁ ሤራ የተገደለ ንጉሥ አላት። የጉዞ ወኪል ብትጠይቁ አራቱም “ሳይታዩ የማይታለፉ” ናቸው። ይህ ለሚመርጥ ሰው አይጠቅምም። የዓመት ፈቃድ አንድ ነው፤ ገንዘቡም ቢበዛ ለአንዱ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ መለኪያውን አስቀድሜ፣ አገሮቹን በኋላ ላምጣ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የጉዞ ወራቱን ግን ለመቁጠር እንዲቀልላችሁ በእኛው አድርጌያቸዋለሁ።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ቁርጥ ያለ ነው፦ መሄዴ ከፎቶው ምን ይጨምርልኛል? በስልክ ታይቶ የሚያልቅ ነገር ለማየት አሥር ሰዓት መብረር አያስፈልግም። ሁለተኛው የዕቃው ነገር ነው። የማየው ጥንት የተሠራው ራሱ ነው ወይስ ቅጂው? ያለውስ በተተከለበት ቦታ ነው ወይስ በሙዚየም መስታወት ውስጥ? ሦስተኛ፣ አስረጂ ሳልቀጥር ይገባኛል ወይ? ከዚያ አካባቢው ይመጣል፤ ማማውን በአንድ ሰዓት ጨርሼ ቀሪውን ሦስት ቀን ምን ላደርግበት ነው? በመጨረሻም ከአዲስ አበባ ያለው ድካም አለ፦ በረራው፣ ቪዛው፣ ወቅቱ።

ጥንታዊነትን ሆን ብዬ ከመለኪያ አውጥቻለሁ። “ከሁሉ የቀደመው የማን ነው” የሚለው ክርክር ለአገሮቹ ክብር ይሆን እንደሆነ እንጂ ለተጓዥ አይፈይድም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ከአራቱ በአንዱም በቴሌስኮፕ ኮከብ አታዩም። ሁሉም በዐይን ብቻ ለመለካት የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬም የሚገኙት መብራት በበዛባቸው ከተሞች ውስጥ ነው። ፍላጎታችሁ የጨለማ ሰማይ ከሆነ ላሊበላ ወይም ሰሜን ተራሮች ይበቋችኋል፤ አውሮፕላን አያስፈልጋችሁም።

ታዲያ መሄድ ለምን? ሰማዩ ራሱ ስለሚለወጥ። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚቆምበት ከፍታ ከቆማችሁበት ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያላችሁ ርቀት በዲግሪ) ጋር እኩል ነው። አዲስ አበባ ላይ 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከእንጦጦ ጋራ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ብዙዎቻችን አይተነው አናውቅም። ጃይፑር ላይ 27፣ ሴኡል ላይ 37 ተኩል፣ ሳማርካንድና ቤጂንግ ላይ 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በምላሹ ደግሞ ደቡባዊውን ሰማይ ታጣላችሁ። ካኖፐስ የሚባለውን ደማቅ ኮከብ ውሰዱ። ኮሪያውያን “የሽማግሌው ኮከብ” ይሉታል፤ ያየው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። ሴኡል ላይ ከአድማስ ብቅ ስለማይል እሱን ለማየት እስከ ጄጁ ደሴት ደቡብ ዳርቻ ይወርዳሉ። እኛ በጥር ማታ ከበረንዳ ወደ ደቡብ ቀና ብንል አናጣውም። የጥንት ሰዎች ምድር ክብ መሆኗን የጠረጠሩት ይህን የመሰለ ልዩነት አይተው ነው። በፎቶ የማይገኘው አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ በአራቱም ቦታ አለ።

ኮሪያ፦ ከድንጋዩ ይልቅ መዝገቡ

ብዙ ሰው ኮሪያን የሚመርጠው ቾምሶንግዴ በሚባለው የድንጋይ ማማ ምክንያት ነው፤ ቅር የሚሰኘውም በዚሁ ነው። ማማው ያለው በጊዮንግጁ ነው፤ የጥንቱ የሺላ መንግሥት መዲና ነበረች። በንግሥት ሶንዶክ ዘመን፣ ከ632 እስከ 647 ባለው ጊዜ ተሠራ ይባላል። ቁመቱ 9 ሜትር ከጥቂት ነው፤ ሥሩ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ ጠርሙስ ይመስላል። ዙሪያው ሣር ሜዳ ነው፤ አጥር አለው፤ ውስጥ መግባት አይቻልም። እኔ መጀመሪያ ሳየው ከአፌ የወጣው “ይኸው ነው?” የሚል ነበር። ከአክሱም ሐውልት አገር ለመጣ ሰው ቁመቱ አያስደነግጥም።

መደነቅ የሚመጣው መቁጠር ሲጀመር ነው። የድንጋዩ ብዛት 362 ያህል ነው፤ ከዓመቱ ቀናት ጋር ይቀራረባል። ክቡ አካል 27 ረድፍ አለው፤ ሶንዶክም የሺላ 27ኛዋ ገዥ ነበረች። ወደ ደቡብ የምታይ አንዲት መስኮት አለች፤ ከእሷ በታች 12፣ ከእሷ በላይ 12 ረድፍ። ወራቱን ያስቡ እንደሆነ ማንም እርግጠኛ አይደለም። ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም፤ አንዱ ኮከብ ይታይበት ነበር ይላል፣ ሌላው መሠዊያ ወይም የመንግሥት ምልክት ነው ይላል። የማያከራክረው ጥንካሬው ነው። በ2016 ጊዮንግጁን በሬክተር 5.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት ማማው ጥቂት ሴንቲሜትር ዘንበል ከማለት በቀር ምንም አልሆነም። እስከ መስኮቷ ድረስ ውስጡ በአፈር የተሞላ መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም።

መግቢያው ነጻ ነው። ከሴኡል በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ለግማሽ ቀን ብቻ መሄድ ግን አይመከርም። በእግር መንገድ ላይ የሺላ ነገሥታት የተቀበሩባቸው ሣር የለበሱ ጉብታዎችና ማታ ማታ መብራት የሚያንጸባርቅበት የዎልጂ ኩሬ አሉ፤ ራቅ ብሎ ደግሞ የቡልጉክሳ ገዳምና የሶክጉራም ዋሻ ቡድሃ። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ይመቻል።

የኮሪያ ትልቁ ሀብት ግን ሴኡል ነው ያለው፤ አብዛኛው ጎብኚ አልፎት ይሄዳል። የጊዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥትን (መግቢያው 3,000 ዎን ነው) ስትጨርሱ፣ ግቢው ዳር ያለው ብሔራዊ የቤተ መንግሥት ሙዚየም በነጻ ይገባል። እዚያ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ 1,467 ከዋክብት ተቀርጸውበታል። ስሙ ቾንሳንግ ዮልቻ ቡንያጂዶ ይባላል። የጆሶንን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ንጉሥ ቴጆ በ1395 ነው ያስቀረጸው። አዲስ ንጉሥ ዙፋን ሲይዝ ሰማይ እንደፈቀደለት ማሳየት ነበረበትና ከጥንቱ የጎጉርዮ መንግሥት የተረፈ የካርታ ቅጂ ተገኘለት፤ ዋናው ድንጋይ በጦርነት ጊዜ ወንዝ ውስጥ ጠፍቷል ተብሎ ይተረካል። ከድንጋዩ ፊት ጊዜ ውሰዱ። ነጥቦቹ እኩል አይደሉም፤ ደማቁ ኮከብ በትልቅ፣ ደብዛዛው በትንሽ ጉድጓድ ተቀርጿል። ይህን በፎቶ መለየት ያስቸግራል። ጎንበስ ብሎ ከጎን ማየት ይፈልጋል።

ከዚያ ወደ ንጉሥ ሴጆንግ ዘመን (1418–1450) ዕቃዎች እለፉ። ታሪኩ የሚጀምረው ከውርደት ነው። በ1422 የፀሐይ ግርዶሽ ተጠብቆ ንጉሡና መኳንንቱ ሥርዓቱን ለማድረስ ተሰብስበው ሳለ፣ ስሌቱ በሩብ ሰዓት ያህል ቀድሞ ተገኘ። ቀማሪው ተገረፈ። ችግሩ ግን ከሰውዬው አልነበረም። ኮሪያውያን የሚጠቀሙበት ቀመር ለቻይና መዲና የተሰላ ነበር፤ ዘመን ማወጅም የቻይናው ንጉሠ ነገሥት መብት ነበር። ሴጆንግ ሰማዩ ከራሱ ከተማ ተነሥቶ እንዲለካ አዘዘ። ሥራው ዓመታት ፈጅቶ ቺልጆንግሳን የሚባል ባለ ሁለት ክፍል ቀመር ወጣ። አንደኛው ክፍል በቻይናዊው ሊቅ በጉዎ ሾጂንግ ስሌት ላይ፣ ሁለተኛው ከእስላሙ ዓለም በመጣው ቀመር ላይ ተመሥርቶ ለሴኡል የተስተካከለ ነው። ባሕረ ሐሳብ የቆጠረ ሰው ይህ ጉዳይ ምን ያህል ራስ እንደሚያዞር ያውቃል።

በ1434 የተሠራው አንግቡኢልጉ ድስት የሚመስል የጥላ ሰዓት ነው። ሴጆንግ ቤተ መንግሥት ውስጥ አላስቀረውም። መንገድ ዳር አስቆመው፤ ፊደል ያልቆጠረ እንዲያነበው በጽሑፍ ፈንታ የእንስሳት ሥዕል አስደረገበት። አሁን የሚታዩት በኋለኞቹ ዘመናት የተሠሩ ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ በ2020 ከአሜሪካ ተገዝቶ ወደ አገሩ ተመልሷል። በዚያው በ1434 በራሱ ደወል የሚደውል የውሃ ሰዓት የሠራው ጃንግ ዮንግሺል ከዝቅተኛ መደብ የተወለደ ባለ ሙያ ነበር። ንጉሡ ሹመት ሰጠው፤ በ1442 ግን በእሱ ኃላፊነት የተሠራ የንጉሡ ወንበረ ሸክም ስለ ተሰበረ ተቀጥቶ ከሹመቱ ተሻረ። ከዚያ በኋላ ስሙ አይነሣም።

“ከድንጋዩ ይልቅ መዝገቡ” ያልኩበት ዋና ምክንያት ደግሞ ይኸውና። በ1437 የሴጆንግ የሰማይ ጠባቂዎች በዐቅራብ ጅራት አካባቢ አዲስ ኮከብ አይተው ለ14 ቀናት መታየቷን ጻፉ። በ2017 የዘመናችን ተመራማሪዎች ያንን ማስታወሻ ይዘው ፈለጉና የፈነዳችውን ኮከብ ራሷን አገኟት። ድንጋይ እንዲህ ያለ ምስክርነት አይሰጥም። ኮሪያን የምትመርጡ ከሆነ ለዚህ ምረጡ፤ ቾምሶንግዴ ምርቃት ይሁን።

ለእኛ የተለየ አንድ ነገርም አለ። ከሴኡል በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጉዞ ቹንቾን ትደርሳላችሁ። በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ሐውልት እዚያ ነው፤ በ1968 ሲመረቅ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። በ2007 የተከፈተ መታሰቢያ አዳራሽም አለው። ከሥነ ፈለክ ጋር አይገናኝም። ቢሆንም ሴኡል ደርሶ ሳያዩት መመለስ ለኢትዮጵያዊ ይከብዳል።

ጃይፑር፦ ጥላው ሲሄድ በዐይን የሚታይበት

በመጀመሪያው መለኪያ፣ ማለትም ከፎቶው ምን ይጨምራል በሚለው፣ ጃይፑር ሦስቱንም ታሸንፋለች። ምክንያቱም መሣሪያው ዛሬም ይሠራል። ጃንታር ማንታር ይባላል፤ ራጃው ሳዋይ ጃይ ሲንግ ዳግማዊ ከ1728 እስከ 1734 ያሠራው ነው። ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በግቢው ውስጥ 19 መሣሪያዎች አሉ። ሁሉንም ለማወቅ አትድከሙ፤ ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው ሳምራት ያንትራ ነው፤ ወደ ሰማይ የሚወጣ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንብ፣ ግራና ቀኙ የእምነ በረድ ቅስት። የግንቡ ዘንበልታ 27 ዲግሪ ስለሆነ ቀጥታ ወደ ሰሜን ኮከብ ያመለክታል። ይኸው መሣሪያ አዲስ አበባ ቢሠራ ኖሮ መሬት ሊተኛ ጥቂት የቀረው ይሆን ነበር። የግንቡ ጥላ ቅስቱ ላይ በሴኮንድ አንድ ሚሊሜትር ያህል ይሄዳል። ጣታችሁን ጥላው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ቁሙ፤ ጥላው ጥሏችሁ ሲሄድ ታያላችሁ። የምድር መዞር እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም። የእጅ ሰዓታችሁ ከጥላው ጋር ካልገጠመ አትገረሙ። የህንድ ሰዓት የተቀመረው ከጃይፑር በስተምሥራቅ ላለ መሥመር ስለሆነ የጃይፑር ፀሐይ ወደ 27 ደቂቃ ትዘገያለች፤ እንደ ወቅቱም ትንሽ ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች።

ሁለተኛው ጃይ ፕራካሽ ነው፤ መሬት ውስጥ የተቆፈረ የእምነ በረድ ድስት። የሴኡሉን የጥላ ሰዓት አይቶ ለመጣ ሰው ወንድማማቾች መሆናቸው ወዲያው ይገባዋል። ሁለቱም የሰማዩን ጉልላት ገልብጠው መሬት ላይ ያስቀመጡ ናቸው፤ አንዱ ምጣድ ያህል፣ ሌላው ሰው የሚራመድበት።

ጃይ ሲንግ በድንጋይ የሠራው የነሐስ መሣሪያ እየተበላና እየተነቃነቀ ስላስቸገረው መሆኑን ራሱ ጽፏል። ጉድለቱ ደግሞ ይኸው፦ በ1901 ትልቅ እድሳት ስለተደረገ ሁሉም መሥመር የራሱ የጃይ ሲንግ ነው ማለት አይቻልም። ያለ አስረጂም አይሞከርም። ያለ ማብራሪያ የሚገባ ሰው ቅርጻ ቅርጽ ያለበት መናፈሻ አይቶ ይወጣል። እዚህ ለአስረጂ የሚከፈል ገንዘብ አይቆጭም፤ ዋጋውን ግን ሳትገቡ ተነጋገሩ። ግቡም በቀትር ዙሪያ። ደመና ካለ ነገሩ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ በማግስቱ ተመለሱ።

የጃይ ሲንግ ሌላው መመልከቻ ዴልሂ መካከል ነው፤ በ1724 የተሠራ። ብዙው የመለኪያ መሥመር ስለ ጠፋ የጃይፑሩን አይተካም። ትራንዚት ላለው ሰው ግን ይበቃል።

ሳማርካንድ፦ የሰውየው ታሪክ

እዚህ የሚታየው ነገር ትንሽ ነው። ኮረብታ ላይ አንድ በር፤ ከበሩ ውስጥ ወደ መሬት የሚወርድ 11 ሜትር ጥልቀት ያለው ቅስት፤ ከጎኑ ትንሽ ሙዚየም። በሩብ ሰዓት ያልቃል። ነገር ግን ያ ቅስት 40 ሜትር ራዲየስ የነበረው የማዕዘን መለኪያ ግርጌ ነው፤ የላይኛው አካል ከሦስት ፎቅ ሕንፃ ጋር ጠፍቷል። የሠራው የድል አድራጊው የቲሙር የልጅ ልጅ ንጉሥ ኡሉግ ቤግ ነው። ከሊቆቹ ጋር ሆኖ በ1437 የ1,018 ከዋክብትን ቦታ የያዘ ሰንጠረዥ አወጣ። ፀሐይ ከከዋክብት አንጻር ዞራ የምትመለስበትን ዓመት ርዝመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ብሎ ለካ፤ ስሕተቱ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። በ1449 በገዛ ልጁ ትእዛዝ ተገደለ፤ መመልከቻውም ፈረሰ። ቅስቱ ከአፈር ሥር የተገኘው በ1908 ነው።

እዚህ ላይ ዓመታቱን አስተያዩ። ኡሉግ ቤግ በ1394 ተወለደ፣ ሴጆንግ በ1397፤ አንዱ በ1449፣ ሌላው በ1450 ሞቱ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን አንድ ሥራ ሠሩ፤ ኮሪያዊቷ ኮከብ የታየችበትና የሳማርካንዱ ሰንጠረዥ የወጣበት ዓመት እንኳ አንድ ነው። በእኛ አገር ያ ጊዜ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችበትን የሰማይ ብርሃን አንዳንድ የታሪክ ሰዎች በ1456 ከታየው ከሃሊ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል።

ዕቃ ለማየት ከሆነ ሳማርካንድ አትሂዱ። ከተማዋን ለማየት ከሆነ ግን ከአራቱ ውቧ እሷ ናት። የሬጊስታን አደባባይ፣ ኡሉግ ቤግ ያሠራው ባለ ኮከብ ጌጥ ማድራሳ፣ እሱና አያቱ የተቀበሩበት ጉር አሚር ሁሉም በአንድ ከተማ ናቸው። ከአገሪቱ መዲና ከታሽኬንት በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ምግቡና ማረፊያው ከኮሪያ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። ፒላፉንም (የሩዝና የሥጋ ምግባቸውን) ቅመሱ፤ ክርስቲያኖች ጾም ከሆነባችሁ ግን ሥጋ የሌለበት ማግኘት ፈተና ነው።

ቤጂንግ፦ ለግማሽ ቀን

የቤጂንጉ መመልከቻ በ1442 በከተማዋ ቅጥር ግንብ ላይ የቆመ ነው። ከሰገነቱ ላይ ስምንት የነሐስ መሣሪያዎች አሉ፤ አብዛኞቹን በ1670ዎቹ ያሠራው ፈርዲናንድ ፈርቢስት የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። በዕደ ጥበብ ውበት የሚወዳደራቸው የለም። መንካት ግን አይቻልም፤ አሠራራቸውንም ቆሞ በማየት ብቻ መረዳት ያስቸግራል።

የዘረፋ ታሪክ አላቸው፤ የመቅደላን ለሚያውቅ አዲስ አይሆንበትም። በ1900 የውጭ ጦር ቤጂንግ ሲገባ ፈረንሳይና ጀርመን መሣሪያዎቹን ተካፈሏቸው። ፈረንሳይ ድርሻዋን በ1902 መለሰች። ጀርመን ወስዳ ፖትስዳም ላይ አቆመቻቸው፤ የተመለሱት ከቬርሳይ ውል በኋላ በ1921 ነው። መሣሪያዎቹ እንዲመለሱ ውሉ ራሱ በአንቀጽ ደንግጓል። ዛሬ በጂያንጉኦመን ሜትሮ ጣቢያ በር ላይ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ለንግድ ቻይና የሚመላለስ ሰው የአንድ ከሰዓት ክፍተት ካገኘ ይበቃዋል። ለዚህ ብሎ ከአገር መውጣት ግን አያዋጣም።

ወቅት፣ በረራ፣ ቪዛ

ትልቁ ወጥመድ ክረምታችን ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ይዞ መሄድ ያምራል፤ ግን የሴኡል፣ የቤጂንግና የጃይፑር ዝናብም ያኔ ነው። ሳማርካንድ ያኔ ደረቅ ነች፤ ሙቀቱ ግን ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ለኮሪያ ጥቅምት ከሁሉ ይሻላል፤ ካልሆነ ሚያዝያ። ለጃይፑር ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ግንቦት ላይ እምነ በረዱ ያቃጥላል። ለሳማርካንድ ሚያዝያ ወይም መስከረም ይስማማል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሴኡል (ኢንቾን)፣ ቤጂንግና ዴልሂ በቀጥታ ይበራል። ዴልሂ ስድስት ሰዓት ያህል ስትሆን ኢንቾን ከአሥራ አንድ ሰዓት ያላነሰ ነው። ከዴልሂ ጃይፑር በባቡር ወይም በመኪና አራት አምስት ሰዓት ይጨመራል። ወደ ታሽኬንት በዱባይ ወይም በኢስታንቡል በኩል ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሁሉም ቪዛ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ኤምባሲውን ሳትጠይቁ ቲኬት አትቁረጡ፤ እኔ ቲኬቱን አስቀድሜ ቆርጬ የተማርኩት ትምህርት በዶላር ነበር።

| መለኪያ | ኮሪያ | ጃይፑር | ሳማርካንድ | ቤጂንግ |
|---|---|---|---|---|
| ከፎቶ የሚጨምረው | የድንጋይ ካርታው ዝርዝር | ጥላው ሲሄድ ማየት | የቅስቱ ግዝፈት | የነሐሱ ጥበብ |
| ዕቃው | ማማው በቦታው፤ ሌላው በሙዚየም | በቦታው፣ የታደሰ | ከፊሉ ብቻ በቦታው | የራሱ፣ ሄዶ የተመለሰ |
| ያለ አስረጂ | ሙዚየሙ ይገባል | አይሞከርም | ይቻላል | ይከብዳል |
| የሚበቃው ጊዜ | 5–6 ቀን | 2 ቀን | 2–3 ቀን | ግማሽ ቀን |
| የኑሮ ወጪ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| ምርጥ ወር | ጥቅምት | ከኅዳር–የካቲት | ሚያዝያ፣ መስከረም | ጥቅምት |

ታዲያ ለማን የቱ?

የፊዚክስ ወይም የጂኦግራፊ መምህር ከሆናችሁ፣ ወይም አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ካላችሁ፣ ብዙ አታስቡ፤ ጃይፑር። ገንዘቡም ይበቃል፣ ልጁም የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ይዞ ይመለሳል።

የታሪክና የመጽሐፍ ሰው፣ ቀመርና መዝገብ የሚማርከው፣ ገንዘብም የተጠራቀመለት ኮሪያን ይምረጥ። ሦስት ቀን ሴኡል፣ ሁለት ቀን ጊዮንግጁ፣ አንድ ቀን ቹንቾን። ኮሪያ ውስጥ ለትምህርት ያላችሁ ደግሞ ከዚህ የሚቀልላችሁ የለም፤ ለጊዮንግጁ ከባቡር ይልቅ አውቶቡስ ያዙ፣ ይዘገያል እንጂ ዋጋው ያንሳል።

ዱባይ ወይም ዶሃ የምትሠሩና የአራት ቀን ዕረፍት ያገኛችሁ ሳማርካንድን ሞክሩ። በረራው አጭር ነው፤ ሐላል ምግብም በየቦታው አለ። የቤጂንጉን ጉዞ ለነጋዴዎቹ ትቼዋለሁ።

ሁለት አገር የሚያሳይ ገንዘብ ያለው ሰው ጥንዶቹን አያሳስት። ሳማርካንድና ጃይፑር ይያያዛሉ፤ ጃይ ሲንግ የራሱን ሰንጠረዥ ሲያዘጋጅ የኡሉግ ቤግን ይዞ ነበር፤ በታሽኬንትና በዴልሂ መካከልም ቀጥታ በረራ አለ። ሴኡልና ቤጂንግም ይያያዛሉ፤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ሳማርካንድን ከሴኡል ማጣመር ለሐሳቡ ደስ ይላል፤ ለኪስ ግን አይሆንም።

ኮሪያን ከመረጣችሁ አንድ ትንሽ ነገር፦ ስትመለሱ ኢንቾን ላይ የተረፋችሁን ዎን ሁሉ አትመንዝሩ። አንድ ባለ 10,000 አስቀሩ። ፊቱ ላይ ሴጆንግ አለ። ጀርባውን ብርሃን ላይ ያዙት፤ ከኋላ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው የ1395ቱ የከዋክብት ካርታ ነው። በእሱ ላይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሰማይ ሰዓት ሉል፣ በስተቀኝ ደግሞ የቦህዮንሳን ተራራ ባለ 1.8 ሜትር ቴሌስኮፕ አለ።